ሁለት ዓይን የተሣለለት በደለኛ

የወንጀል፣ የአስፈሪና የአክሽን ፊልም ከሌላው የሲኒማ ዓይነት የሚለይበት ዋና ጠባይ ተመልካቹ ገና መብራቱ ሳይጠፋ ፍጻሜውን አውቆት የሚቀመጥ መሆኑ ነው። ወንጀለኛው ይያዛል፤ ጭራቁ ይሸነፋል፤ ጀግናው ቢቆስልም ይተርፋል። በየከተማችን መጋረጃ በተጣለበት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በአግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የአሜሪካን፣ የሆንግ ኮንግንና የሕንድን ፊልም እያየ ያደገው ትውልድ ይህን ሕግ «አክተር አይሞትም» በሚል አጭር ቃል ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ አክተሩ የትኛው፣ ቦሱ (የክፉዎቹ አለቃ) የትኛው እንደ ሆነ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያልለየ ልጅም በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ሞኝ ይቈጠር ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያን ሕግ አውቀው የጣሱትን፣ አንዳንዴም ሳይፈልጉት የያዙት ጉዳይ ራሱ ያስጣሳቸውን ፊልሞች ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ፊልሞቹ በዓለም መዝገብ የሚታወቁት በዚያ ነውና።

«ሕግ መጣሱ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ የእኛ ሰው ቀጥ ያለ ታሪክ ይወዳል» የሚል አስተያየት ከሲኒማ ቤት ደጃፍ እስከ ፊልም ነጋዴዎች ቢሮ ድረስ ሲነገር እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቈረጥ አይመስለኝም። በጎርጎራ በደብረ ሲና ማርያም መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥንታውያን ሥዕሎች፣ ወይም በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ያሉትን የሌሎቹን ገዳማት ሥዕል ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ የቀደሙት ሠዓልያን ምን ያህል ለሥርዓት የታመኑ እንደ ነበሩ ያስተውላል። በሥርዓታቸው መሠረት ጻድቁና ሰማዕቱ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለቱን ዓይኖቹን ገልጦ ይሣላል፤ ከሐዲው፣ ነፍሰ ገዳዩ ወታደር፣ ዲያብሎስም ቢሆን፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ በደለኛ ከምእመኑ ጋር ዓይን ለዓይን ሊተያይ አይገባውምና። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ከቅኔ ማሕሌቱ ሆኖ ሲያይ የሚወደደውና የሚጠላው ማን እንደ ሆነ አይጠፋውም፤ ይህም የቪዲዮ ቤቱ ልጅ አክተሩን ከቦሱ ከለየበት ጥበብ እጅግ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፣ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። ይህ የቅምር አገር ሰው 78 ነፍስ ያጠፋ፣ የገዛ ቤተ ሰቡን ሳይቀር የበላ ነው። በአስፈሪ ፊልም ሕግ ቢሆን ኖሮ ፍጻሜው በሰይፍ ወይም በእሳት በሆነ፣ ተመልካቹም እፎይ ብሎ በወጣ ነበር። ታሪኩ ግን አንድ የተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ጥርኝ ውኃ መስጠቱን ያነሣል፤ ኋላም ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜ በእመቤታችን አማላጅነት ያቺ ጥርኝ ውኃ ከሰባ ስምንቱ ነፍስ ስትከብድ ያሳየናል። ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ የኖረ ሕዝብ የሰው በላ ታሪክ በምሕረት ሊፈጸም እንደሚችል የሚያስተምረው ፊልም ሠሪ አያስፈልገውም። እንግዲህ በአንድ ቅጥር ውስጥ በደለኛውን በአንድ ዓይን የሚያስቀረው ሥርዓትም፣ ለበደለኛው የሚከራከረው ትረካም አሉን። በእኔ አስተያየት ምርጦቹ የኢትዮጵያ የወንጀልና የፍርሃት ፊልሞች የተለመደውን መንገድ የሚለቁት በደለኛውን ወደ እኛ አዙረው ሁለተኛውን ዓይኑን ሲሥሉለት ነው፤ ይህንም የሚያደርጉት ብልሃት ለማሳየት ሳይሆን የሀገራችን ፍርድና የሀገራችን ፍርሃት በውሰት ቅርጽ ውስጥ አልገባ ስለሚላቸው ነው።

ከወንጀሉ እንጀምር። በምዕራቡ ዓለም የወንጀል ፊልም ምሰሶው መርማሪው ነው፤ ብልህና ብዙ ጊዜም ብቸኛ የሆነ ሰው ከወለል ላይ አንዲት ቁራጭ ነገር አንሥቶ ከእርሷ ነፍሰ ገዳዩን ይፈታል። በሀገራችን ገጠር ግን ምርመራ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሞቶ ሲገኝና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ያካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ወይም ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ ካልወጣ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም፤ የሚያውቅ ሰውም ስሙ ሳይጠራ «ወፍ» ሆኖ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር ይናገራል። መርማሪውም፣ ተጠርጣሪውም፣ ምስክሩም ያው አንድ ሕዝብ ነው። ይህን የመሰለ የተውኔት ሀብት ያለው ሀገር ፊልሙን በጥቁር መነጽርና በቆዳ ጃኬት ሲሞላ ማየት ያሳዝናል። ከማውቃቸው የውጭ ፊልሞች ለአፈርሳታ መንፈስ እጅግ የሚቀርበው ፍሪትዝ ላንግ በ1931 በጀርመን የሠራው «ኤም» ነው፤ በዚያ ፊልም ሕፃናትን የሚገድለውን ሰው የሚያድኑት ፖሊሶች ብቻ ሳይሆኑ የከተማዋ ሌቦችና ለማኞች ጭምር ናቸው፤ ይዘውትም በተተወ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ችሎት ያስችሉበታል። ተዋናዩ ፒተር ሎሬ በዚያ ችሎት ፊት ተንበርክኮ ከራሱ ማምለጥ እንዳልቻለ ሲጮኽ ተመልካቹ ለሰውየው ማዘኑን አቁሞ እርሱን ለመጥላት ይቸገራል። ሁለተኛው ዓይን ማለቴ ይህን ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም፣ በ1964 በጥቁርና ነጭ የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?»፣ ስሙ ራሱ የመርማሪ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው ለፖሊስ ጣቢያ የሚቀርብ ሳይሆን ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለይሉኝታ የሚቀርብ ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» ደግሞ ስለ ደም በቀልና ስለ ደም ካሳ የሚናገር በመሆኑ ከገዳዩ ማንነት ይልቅ ከገዳዩ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለውን ይጠይቃል። ገዳዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከተመለሰ የወንጀል ፊልም ምን ይቀረዋል? የቀረው ነገር ዕርቅ፣ ዕዳና እፍረት ነው፤ የእኛም ፊልም ሠሪዎች ብርታታቸውን ያገኙት ከዚህ ነው።

ይህንም ከሁሉ አብልጦ ያሳየው ሞገስ ታፈሰ በ2019 ለሕዝብ ያቀረበው «ቁራኛዬ» ነው ብል ብዙ ሰው የሚከራከረኝ አይመስለኝም። ፊልሙ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ በነበረችው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ምክንያት የተጣሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቅኔ ቈጣሪ ወጣት፣ ሌላው ባለጸጋ፣ በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ችሎት የሚሄዱበትን መንገድ ይተርካል። በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት ጠላቶች ታሪክ በሆሊውድ አዲስ አይደለም፤ ስታንሊ ክሬመር በ1958 ቶኒ ከርቲስንና ሲድኒ ፖይቲየርን አንድ ላይ አስሮ ከእስር አስመልጧቸዋል። ልዩነቱ ግን እዚያ ሰንሰለቱ የሚያስተሳስረው ሁለት እስረኞችን መሆኑ፣ መንገዱም ከሕግ የሚሸሹበት መሆኑ ነው። በ«ቁራኛዬ» ግን ከሳሹም ታስሯል፤ መንገዱም ወደ ሕግ የሚወስድ ነው። ከሳሽ ከምንጭ ውኃ ሊጠጣ ቢጎነበስ ተከሳሹ አብሮ ይጎነበሳል፤ ተከሳሽ ሊያመልጥ ቢሮጥ ከሳሹን ተሸክሞ መሮጥ ይሆንበታል፤ አንዱ ሌሊት ሌላውን ቢገድል እንኳ ሬሳ ተቆራኝቶ ሊያድር ነው። የአክሽን ፊልም ማሳደድ ይፈልጋል፤ ሰንሰለቱ ማሳደድን የማይቻል አደረገው። የወንጀል ፊልም ምስጢር ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ እየተኙ አንድ ላይ እየነቁ ምስጢር የሚደበቅበት ስፍራ አጡ። ዳይሬክተሩ ከውጭ ያልተዋሰው አንድ የሕግ ልማድ ሁለቱን የፊልም ዓይነቶች በአንድ ጊዜ ፈታቸው። ነቀፌታ ከተፈለገ አለ፤ ደራሲው ለአማርኛው ውበት እየሳሳ ገጸ ባሕርያቱን ሲጣሉም ሲራቡም ሰምና ወርቅ የሚያናግርበት ጊዜ ይበዛል፤ የተራራውም ትዕይንት አልፎ አልፎ የአስጎብኝ ድርጅት ማስታወቂያ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህ የመትረፍረፍ ነውሮች እንጂ የድኽነት ነውሮች አይደሉም።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 ያቀረበው «ድፍረት» ሌላ መንገድ ይዟል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጠለፋ የተወሰደች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በጠላፊዋ ጠመንጃ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ይህም የሚሆነው ፊልሙ ገና ሲጀምር ነው። ታሪኩ በ1996 ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ሲሆን፣ ጠበቃዋ ሆና የምትታየው ገጸ ባሕርይ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት፣ ኋላም በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ሜሮን ጌትነት ተጫውታቸዋለች። በዚህ ፊልም ወንጀለኛ ተብላ የታሰረችው ልጅ ተበዳይ ናት፤ ተገደለ ተብሎ የተለቀሰለት በዳይ ነው፤ ነገሩንም ይበልጥ የሚያወሳስበው በዋርካ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች ሆነው አለመቅረባቸው ነው። ተረጋግተው ይነጋገራሉ፤ በልማዳቸው መሠረት ሚዛናዊ ለመሆን ይጥራሉ፤ እኛም የምንፈራው ይህን መረጋጋታቸውን ነው። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ የሚድንበት ቀዳዳ ነበረበት፤ ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ2005 በሥራ ላይ በዋለው አዲስ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ የፊልሙ በደለኛ ሰው ብቻ ሳይሆን አንቀጽ ጭምር ነበር ማለት ይቻላል። «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ በአዲስ አበባ ግን ሊመረቅ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት በፍርድ ቤት እገዳ ቆሞ ኋላ ነው የታየው። እውነተኛ ሰው ያለበት ታሪክ ፊልም ሲሆን ምስሉ የማን ነው የሚለው ክርክር ከፊልሙ ውጭ ሌላ ፊልም ሆነ። በፍርድ ቤቱ ክፍል ያሉት የመጨረሻ ትዕይንቶች ለእኔ ከሚገባው በላይ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ የተወውን ሥርዓት በፍጻሜው እንደ ገና ያዘው።

አስፈሪ ፊልም በእኛ ዘንድ እስካሁን ጠንካራ ሥር አላበቀለም። ምክንያቱ የፍርሃት እጥረት አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሲኒማ በተጀመረበት ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሌላ ነው። በፈረንጅ አስፈሪ ፊልም የርኩስ መንፈስ መውጣት ታሪኩ ሁሉ ሲያዘግም የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ የማይታመን ነገር ሆነ ተብሎ ሁሉም ይደነግጣል። እዚህ ግን ጠበል ቦታ ማለዳ የሄደ ሰው ያንኑ ያያል፤ ሰው ይጮኻል፣ ይንፈራፈራል፣ አጥማቂው ስምህ ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ ጥቂት ራቅ ብላ ደግሞ አንዲት እናት ለልጇ ቆሎ ትሰጣለች። ለአምስት ደቂቃ የሚያስደነግጠን ነገር ከዕለት ኑሮ ጋር ተሰልፎ ስለሚኖር የድንገተኛ ፍርሃት ቅርጽ አይዝልንም።

የዚህን ጠባይ ፋይዳ ጠንቅቆ ያወቀ ኃይሌ ገሪማ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ በ2008 ያወጣውን «ጤዛ»ን አስፈሪ ፊልም ብዬ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ማስገባቴን የሚነቅፍ ይኖራል፤ ፊልሙ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009ም በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ያገኘው በታሪክና በፖለቲካ ፊልምነቱ ነውና። ነገር ግን የተሠራበትን አጥንት እንመልከት። በ1990 አንበርብር የሚባል የተማረ ሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ በጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ ያለፈው ነገር በሕልምና በቅዠት እየመጣ ያባንነዋል፤ በየሌሊቱ የሚያየው ደም የማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ መንደርተኛውም የተመለሰውን ሰው ሳይሆን በእርሱ ላይ ያደረውን መንፈስ ያያል። ይህ የአስፈሪ ፊልም መነሻ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? እናቱ ታድፌ እንደ ሀገሩ ልማድ ጠበል ታስደርገዋለች። አውሮፓ የተማረው ሐኪም፣ በሽታን በአጉሊ መነጽር ለማየት የሠለጠነው ሰው፣ ቀዝቃዛው ውኃ እየተረጨበት ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ያስባል፤ ሰይጣን የለበትም፤ ነገር ግን በእርግጥ አንድ ነገር ይዞታል። የያዘው ነገር ስም ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ በአዲስ አበባ በሥራ ባልደረቦቹና በካድሬዎች ፊት የተገደለው ጓደኛው ተስፋዬ፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ከመስኮት የወረወሩበት ሌሊት፣ አብዮትን የዘመረበት የገዛ ወጣትነቱ። ጭራቁ ስም አለው፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤም አለው።

በመንደሩ ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ነገር ከቅዠቱ የከፋ ነው። የደርግ ወታደሮች ለጦርነት ወጣት ይለቅማሉ፤ ልጆቹም ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ሌሊት ሲጨልም ብቻ ይወጣሉ። በተለመደው ፊልም ዋሻ የአውሬ ማደሪያ ነው፤ እዚህ ከአውሬ የሚሸሸጉበት ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ የሙሶሊኒ ዘመን ሐውልት ቆሟል፤ ጎርጎራን የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ አካባቢ ኮረብታ ላይ ጣሊያን አቁሞት የሄደውን ሐውልት ያየ ሰው፣ ይህ የዳይሬክተሩ ፈጠራ እንዳልሆነ ይረዳል። አዛኑ የተባለችውን፣ መንደሩ በልጅ ገዳይነት ያገለላትን ሴት፣ ኃይሌ የሚያቀርባት በሙሉ ፊቷ ነው፤ መንደርተኛው ሊያያት የማይፈልጋትን ሴት ካሜራው በትዕግሥት ያያታል። ፊልሙ 140 ደቂቃ ነው፤ በመካከሉ ያሉት በጀርመን የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ክርክሮች እንደ በራሪ ጽሑፍ የሚነበቡ መሆናቸውን አልክድም። ስለ ቀይ ሽብር የተሠሩ ሌሎች ፊልሞችም አሉ፤ ቴዎድሮስ ተሾመ በ2006 ያወጣው «ቀይ ስህተት» በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ አይቶታል፤ ገዳይና ሟች በእርሱ ውስጥ ግን በቶሎ ይለያሉ። በ«ጤዛ» ገዳዮቹ ትናንት አብረው የዘመሩ ናቸው፤ ፍርሃቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በባሕር ማዶ ይህን መንገድ የጠረገው ጆርጅ ሮሜሮ ነው፤ በ1968 በሠራው የሕያዋን ሙታን ሌሊት ታሪክ ውስጥ ጥቁሩ ጀግና ከሙታኑ ሁሉ ተርፎ ሲነጋ ሊያድኑት በመጡት ነጮች ጥይት ይወድቃል። ሴኔጋላዊት ፈረንሳዊቷ ማቲ ዲዮፕ በ2019 በካን ታላቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘችበት «አትላንቲክ» ደግሞ ደመወዛቸውን ተከልክለው በባሕር የሰጠሙ የዳካር ሠራተኞች መንፈስ በፍቅረኞቻቸው ላይ አድሮ ሌሊት ሌሊት አሠሪውን ደመወዝ ሲጠይቅ ያሳያል፤ ነገሩን የሚመረምረውም ፖሊስ ራሱ ተይዞ ይገኛል። በሙታን የሚቀርብ የደመወዝ ጥያቄ! ዛርን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ከፓሪሱ ተመልካች በፊት ይረዳዋል። በ2014 አንዲ ዚጌ የተባለ ጀርመናዊ በእኛው ሀገር በአማርኛ በሠራው «ቤቲና አማረ» ውስጥ በ1936 ከጣሊያን ወራሪ የሸሸች ወጣት ደም የሚጠጣ እንግዳ ፍጡር አግኝታ ትጠጋዋለች። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ በአካባቢው ካሉት ሰዎች መካከል አስፈሪው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። በእጅግ ትንሽ ገንዘብ የተሠራ በመሆኑ መንገዳገዱ ይታያል፤ ከመንገዳገዱ ይልቅ ግን የሚጎዳው ኢትዮጵያዊቷን ልጅ የሚያውቃት አለመምሰሉ ነው።

ስለ አክሽኑ ብዙ አልልም፤ በሀገራችን ገና በልምምድ ላይ ያለ ዓይነት ነውና። በውጭ የኮኤን ወንድማማቾች በ2007 ባወጡት የቴክሳስ ታሪካቸው ዋናው ሰው ከመገደሉም በላይ ሲገደል አያሳዩንም፤ ሬሳውን ብቻ እናያለን፤ «አክተር አይሞትም» ለሚለው ትውልድ ከዚህ የሚበልጥ ስድብ የለም። በኡጋንዳ አይዛክ ናብዋና በካምፓላ ሠፈር ውስጥ በ2010 በሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ደግሞ በስሙ የተነሣው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አይመለስም፤ በምስሉ ላይ እየጮኸ የሚቀልደው ተራኪም ከድብድቡ ይልቅ ያስቃል። ይህ ተራኪ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረከ የሚያቀርበው የትርጉም ፊልም ባለሙያ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከባድ የግድያ ትዕይንት በመርካቶ ወሬ ሲታጀብ የፊልሙ ዓይነት ሳይወድ በግድ ይለወጣል። ሀያስያን ይህን ሥራ ንቀው ማለፋቸው የሚገባ አይመስለኝም።

ቴዎድሮስ ተሾመ በ«ሶስት ማዕዘን» የስደተኞችን መንገድ በአክሽን ቅርጽ ሲተርክ ጀግናውን የሚጥለው ጠላት አንድ አልሆነም፤ በረሃውም፣ ደላላውም፣ ድንበሩም በየተራ ይነሡበታል፤ በአንድ ጥይት የሚወድቅ ቦስ ባለመኖሩም ፊልሙ የድል ትዕይንት ይቸግረዋል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው «ክራምስ» ግን ችግሩን በሌላ መንገድ ሸሸው። ዓለም ካለፈች በኋላ ባለች ኢትዮጵያ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ትንሽ ጀግና በሰማይ ላይ የቆመችውን መርከብ ተሳፍሮ ለመሄድ የገና አባትን ፍለጋ ይወጣል። የፊልሙ እጅግ የሚያስቀው ስፍራ አሮጌ እቃ የሚገዛው ነጋዴ ያለበት ነው፤ ነጋዴው ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰንን ሸክላ፣ ሌላም ጥራጊ እንደ ንዋየ ቅድሳት በአክብሮት አንሥቶ የማን እንደ ነበረ የሐሰት ገድል ይተርክለታል፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ሥዕልም በጸሎት ስፍራ ይሰቀላል። ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን ሙሉ አልነበረም። ያንሶ የሚቀልደው በምዕራቡ ጥራጊ ላይ መሆኑን ይነግረናል፤ ካሜራው ግን የደናክልንና የወንጪን መልክዓ ምድር እንደ ሌላ ፕላኔት ሲያይ፣ እኛ የምንኖርበትን ምድር ሰው ያላወቀው ምድር አድርጎ ነው። በ2019 በስለላ ፊልም ላይ ያፌዘበት ተከታዩ ሥራው ደግሞ ከቀልድ በቀልድ ሲዘል ጀግናው ቢሞትም ባይሞትም የሚገደን አልሆነም። ሥርዓት ሁሉ ከፈረሰ የሚጣስ ነገር አይቀርም፤ ጸሎት ቤት ካላቆምን ማፍረሱም ትርጉም የለውም። ይህን የምለው የአውሮፓ ፌስቲቫሎች ለቅርጽ መፍረስ ብቻ ሽልማት በሚያዘንቡበት በዚህ ዘመን ነው፤ ወጣት ዳይሬክተሮቻችንም ይህን አይተው ገና አንድ ቀጥ ያለ የወንጀል ታሪክ ሳይጨርሱ የተጠማዘዘውን ይጀምራሉ።

ነጋዴውንም ከወቀሳ አናወጣውም። የፊልም ማስታወቂያ ላይ ሽጉጥ የያዘ እጅ ለጥፎ ውስጡ የዕርቅ ታሪክ የሆነ ፊልም መሸጥ ተመልካቹን ማሳደግ ሳይሆን ማታለል ነው፤ ሳይነገረው የተታለለ ተመልካች ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ፍቅር ኮሜዲው ይመለሳል፤ አዳራሹን ለዓመታት የገዛውም ያው የፍቅር ኮሜዲ ነው።

እስካሁን ያልተበለጠውን ፊልም ወደ ኋላ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ ገና ተማሪ ሳለ በ1974 ክረምት ወደ ሀገሩ መጥቶ ገበሬዎችን አጫውቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው፣ በ1976 ለዓለም የታየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ማረስን፣ መሸከምን፣ ከብት ማገድን ብቻ በሚመስል እርጋታ ያሳያል። ጭሰኞቹ ይሠራሉ፤ ባለርስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሳደባል። ዕብድ የሚሉት ከበበ በመንገድ ላይ እየዞረ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ሰሚ የለውም። በመጨረሻ ከበበ ባለርስቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። ይህ ግድያ በሌላ ፊልም የደስታ ጩኸት የሚያስነሣ ነበር፤ እዚህ ግን ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ያየዋል፤ ሟቹም እንደ ማንኛውም ሰው በችግር ይሞታል። ፊልሙ የተቀረጸው ዙፋኑ ሊወድቅ ሳምንታት በቀሩት ጊዜ ነው። በካሜራው ፊት የነበሩት ገበሬዎች መስከረም 2 ቀን ምን እንደሚሆን፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ዱላው በማን እጅ እንደሚገባና በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ሰው ግን ያውቃል፤ ስለዚህ በ1974 ፍትሕ መስሎ የተቀረጸው ትዕይንት አሁን ከማንኛውም የአስፈሪ ፊልም ትዕይንት ይልቅ የሚያስጨንቅ ሆኖ ይታያል፤ ይህንም ያደረገው ዳይሬክተሩ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጣው ታሪክ ነው።